በቅሪተ አካል ጥርስ ላይ የመርዝ ምልክት እንዴት ይመረመራል?

መርዝ አመንጪው ዕጢ ለስላሳ በመሆኑ እንስሳው ከሞተ በኋላ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከምድር ከጠፉ ተሳቢ እንስሳት መካከል መርዛማ የነበሩትን ለመለየት የሚሻ ሰው ምርመራውን የሚጀምረው ከጥርስ ነው።

ጥርሱን በአጉሊ መነጽር ሲያዩ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት ያድርጉ፤ መርዝ ሊፈስበት የሚችል ቦይ ካለው ጥላው ያጋልጠዋል። ቀጥሎ ያዩት ነገር ስንጥቅ አለመሆኑን ያረጋግጡ። በስንጥቅ ጠርዝ ላይ የጥርሱ ልባስ፣ ማለትም ኢናሜሉ፣ ተሰብሮ ይቋረጣል፤ በተፈጥሮ ቦይ ላይ ግን ሳይቋረጥ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። መንጋጋው ውስጥ ገና ያልወጣ ተተኪ ጥርስ ከተገኘ አይለፉት፤ ምንም ነክሶ ስለማያውቅ በላዩ ላይ የሚታየው ቦይ በመፋቅ የመጣ ሊሆን አይችልም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቦይ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የወንድ ዝንጀሮ ክራንቻ እንኳ ጥልቅ ቦይ አለው፣ መርዝ ግን የለውም። በቻይና የተገኘው ሲኖርኒቶሳውረስ የተባለ ዳይኖሰር ረጃጅምና ባለ ቦይ ጥርሶች ስላሉት፣ በላይኛው መንጋጋውም ላይ ለዕጢ ማረፊያ የሚመስል ጎድጓዳ ስፍራ ስለታየ መርዛማ ነበር ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ትችት ግን ጥርሶቹ የረዘሙ የመሰሉት ከሶኬታቸው፣ ማለትም መንጋጋው ላይ ከተተከሉበት ጉድጓድ፣ ተንሸራተው በመውጣታቸው እንደሆነ፣ ቦዩም ጎድጓዳውም በሌሎች ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ዘንድ የተለመደ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ ጥርሱ ምን ያህል ከሶኬቱ እንደወጣ ይለኩ፤ ቦዩንም ከቅርብ ዘመዶቹ ጥርስ ጋር ያነጻጽሩ።

በአንጻሩ የራስ ቅል ጎድጓዳ አለመኖሩ መርዝ አልነበረም ለማለት አያበቃም። ዛሬ በሕይወት ያለው ጊላ ሞንስተር የተባለ መርዛማ እንሽላሊት ዕጢውን የሚይዘው በታችኛው መንጋጋ ውጫዊ ጎን ነው፤ ጥርሶቹም ባለ ቦይ እንጂ እንደ እፉኝት ባለ ቱቦ አይደሉም።

በእኔ ግምት ከሁሉ ይበልጥ አሳማኝ የሆነው ምሳሌ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት፣ ትራያሲክ በተባለው የምድር ዘመን የመጨረሻ ክፍል፣ በሰሜን አሜሪካ የኖረው ኡዋቺቶዶን የተባለ ተሳቢ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተሰየመው ዝርያ ጥርሱ በሁለት ወገን ወደ ውስጥ የታጠፈ ጥልቅ ቦይ ሲኖረው፣ በ2010 በተሰየመው ዝርያ ላይ ያው ቦይ ሙሉ በሙሉ ተከድኖ ቱቦ ሆኗል። ይህን መሰል የተዘጋ ቱቦ ካጋጠመዎ በሲቲ ስካን ከሥሩ እስከ መውጫ ቀዳዳው ድረስ ይከተሉት፤ ፈሳሽ ከማስተላለፍ ሌላ ሥራ ሊሰጡት ይቸገራሉ። ሆኖም ኡዋቺቶዶን የሚታወቀው በጥርሶቹ ብቻ በመሆኑ፣ በሪፖርትዎ ላይ «መርዝ የሚያስተላልፍ ጥርስ» ብለው ይጻፉ እንጂ ስለ እንስሳው መልክና ስለ አደኑ አይተርኩ።