የምሽግ ወታደሮችን አጭር ድራማ እንዴት እንጻፍ?

ስለ ተራ ወታደሮች አጭር የጦር ሜዳ ድራማ የሚጽፍ ሰው ጦርነቱን በሙሉ ለማሳየት ከሚሞክር ይልቅ አንድ ምሽግ፣ አንድ ሌሊትና ሦስት ወይም አራት ሰዎች ቢመርጥ ይሻለዋል። ለምሳሌ ከንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር ከክብር ዘበኛ ተመልምሎ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የገባውንና ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፈውን የኢትዮጵያን የቃኘው ሻለቃ እንውሰድ።

ውጊያው በተራሮች ላይ ወደ ምሽግ ጦርነት ከተለወጠ በኋላ የወታደሩ ጊዜ በአብዛኛው የሚያልፈው በመተኮስ ሳይሆን በመቆፈር፣ የአሸዋ ከረጢት በመደርደር፣ መሣሪያ በመወልወልና ዘብ በመቆም ስለነበር፣ ድራማው መወለድ ያለበት ከዚሁ አሰልቺ ጥበቃ ነው። የኮሪያን ክረምት እንደ አንድ ገጸ ባሕርይ ቁጠሩት፤ ጣቱ ደንዝዞ ለእናቱ ደብዳቤ መጻፍ ያቃተውን ወታደር ማሳየት፣ «በረደኝ» ከማሰኘት እጅግ ይበልጣል።

ንግግሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘመኑ የንጉሠ ነገሥቱ ስለሆነ «ጓድ» የሚለው የደርግ ዘመን አጠራር ቦታ የለውም፤ እኔ ይህን ስሕተት ካየሁ ቀሪውን ገጽ ማንበብ ይከብደኛል። እኩዮች «አንተ» ይባባሉ፤ ለመኮንኑ ግን «አቤት ጌታዬ» ይባል።

ፍንዳታውን ከመድረክ ውጭ በድምፅ ብቻ አሰሙ።

ለመጨረሻው ትዕይንት እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 1953ን እመርጣለሁ፤ የተኩስ አቁሙ ስምምነት በኮሪያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተፈርሞ በሥራ ላይ የዋለው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበርና፣ በእነዚያ 12 ሰዓታት ውስጥ ተረኛ ዘብ የደረሰውን ወታደር ተከተሉት።