የእበት ጢንዚዛ ግጦሻችሁ ላይ መኖሩን እንዴት ታያላችሁ፣ እንዴትስ እንዳይጠፋ ታደርጋላችሁ

ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲጥል ሜዳ ወርዳችሁ አንድ ሁለት ቀን ያደረ እበት በእንጨት ገልበጥ አርጉት። ሳይነካ ቅርፊት ብቻ ሰርቶ ከተቀመጠ ጢንዚዛው የለም ወይ በጣም ቀንሷል። ውስጡ ተቦርቡሮ፣ ከስሩ ቀዳዳ ካለው፣ ከጎኑም ትኩስ አፈር ከተቆለለ ግን ቆፋሪዎቹ አሉ ማለት ነው፣ እነሱ እበቱን ይዘው መሬት ውስጥ ይገቡና እንቁላላቸውን እዛ ይጥላሉ፣ በዛው አፈሩ ይናፈሳል ማዳበሪያውም ሳይተን ስር ጋ ይደርሳል።

ሁሉም ሰው የሚያውቀው ያንን ወደኋላ እየሄደ ድብልብል የሚያንከባልለውን ነው፣ እሱ ግን ከሶስቱ ወገን አንዱ ብቻ ነው። ሶስተኛዎቹ እዛው እበቱ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ብዙዎቹም ደቃቅ ስለሆኑ አይን አይጥልባቸውም። እነሱን ለማየት እበቱን ከስሩ ካለው አፈር ጋር በአካፋ አንስታችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሩና አማስሉት፣ ትንሽ ቆይተው ይንሳፈፋሉ። በመጠን በቀለም ለይታችሁ ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ልቀቋቸው። ጠዋትም ማታም ሞክሩት፣ የቀኑና የሌሊቱ አንድ አይደለም።

አይነቱ ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ አውስትራሊያን እዩ፣ የሀገሩ ጢንዚዛ የለመደው የካንጋሮ ደረቅ ፋንድያ ስለነበር የላሙን እበት አልቻለውም፣ ሜዳው በእበት ተሸፈነ ዝንቡም ፈላ፣ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአፍሪካና ከአውሮፓ ማስገባት ግድ ሆነባቸው።

አሁን ዋናው፣ አይቨርሜክቲን። የሆድ ትል መድኃኒቱ ከብቱ ውስጥ አያልቅም፣ አብዛኛው በእበት ይወጣና ከተወጋ በኋላ ለሳምንታት የጢንዚዛውን እጭ ይፈጃል። መንጋውን በሙሉ በደፈናው ማስወጋት ይቅር፣ ከእንስሳት ሀኪሙ ጋር ተማክራችሁ የታመመውን ብቻ፣ ከተቻለም በበጋ። የተወጋውን ለጊዜው በረት አካባቢ አቆዩት፣ እበቱ ግጦሽ ላይ አይውደቅ። አንዳንድ የመዥገር መድኃኒትም እንደዛው ነው፣ ከመቀባታችሁ በፊት ጠይቁ።

ኩበቱስ? ማገዶ ለሌለው ሰው እበት አትልቀም ማለት ቀልድ ነው። ግን ክረምት ላይ ኩበት መች ይደርቃል፣ ጢንዚዛውም በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው፣ ስለዚህ የክረምቱን እዛው ተዉላቸው የበጋውን እናንተ ልቀሙ።