«ጂፕሲ» ከማለታችሁ በፊት

እኛ ጎጃም ውስጥ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው «ጠይብ» ስንለው ስድብ ሆኖ ነው የሚሰማው፣ ቃሉ ግን የጥበብ ዘመድ ነው፣ ስለዚህ ስም እንዴት እንደሚያቆስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

አውሮፓ ውስጥ ያለው የሮማ ህዝብ የሚጠራበት «ጂፕሲ» የሚለው ስምም እንደዛው ነው። መነሻውን እወቁ፦ አውሮፓውያን እነዚህ ሰዎች ከግብፅ የመጡ መስሏቸው ከ«ግብፃዊ» ያወጡት ስም ነው፣ የሮማ ህዝብ ግን ቋንቋውም ዘሩም የሚመዘዘው ከህንድ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ደሞ ማጭበርበር የሚል ትርጉም ያለው ግስ ከዚሁ ስም ጋር ተያይዟል።

ስለዚህ ህዝቡን ሮማ፣ ቋንቋውን ሮማኒ በሉ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ለንደን አጠገብ የተሰበሰበው የመጀመሪያው የዓለም ሮማዎች ጉባኤም የመረጠው ይሄንኑ ነው። ከሮም ከተማም ከሮማኒያም ጋር እንዳታምታቱት፣ በቋንቋቸው «ሮም» ወንድ፣ ባል ማለት ነው።

ጀርመንኛውን «ጺጎይነር» ግን በጭራሽ እንዳትሉ! ናዚዎች በዚህ ስም መዝግበው ነው የፈጇቸው፣ አውሽቪትዝ በሚባለው የናዚ የእልቂት ካምፕ ክንዳቸው ላይ ከእስረኛ ቁጥራቸው ፊት «ዜድ» (Z)፣ ማለትም የዚሁ ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ ይነቀሱ ነበር፣ ይሄን ሳስብ ሁሌ ሆዴን ይበላኛል።

እንግሊዝ አገር ራሳቸውን ጂፕሲ ብለው በኩራት የሚጠሩ አሉ፣ እነሱን አታርሟቸው፣ ጀርመን ያሉት የሮማ ዘመዶችም ሲንቲ የሚባል የራሳቸው ስም አላቸው። ግራ ከገባችሁ «ማን ልበልዎ» ብላችሁ ጠይቁ፣ አባቶቻችን እንግዳ ሲመጣ እንደሚሉት።

«እንደ ጂፕሲ እየዞርኩ ነው» የምትሉትም ይቅር፣ አብዛኞቹ ሮማዎች እኮ ቤት ሰርተው የሚኖሩ ናቸው።