ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የላፕቶፕ ዋጋም አብሮት ወጣ። ዛሬ ደሴ ፒያሳ ላይ አዲስ ላፕቶፕ ከነካርቶኑ ይዞ መውጣት ለአብዛኛው ተማሪና መምህር የሚቀመስ አይደለም፤ ገበያው ወደ ያገለገለው ዞሯል። ይህ በራሱ ጉዳት አይደለም። ከውጭ አገር ቢሮ የወጣ ጥሩ ዴል ወይም የሌኖቮ ቲንክፓድ ከአዲስ ርካሽ ላፕቶፕ በብዙ እጥፍ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የወራት ቁጠባ የሚከፈልበት ዕቃ ስለሆነ፣ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው መመርመር አለብዎት። ስልክዎን ሞልተውና ዳታ ገዝተው ይሂዱ፤ ሆትስፖት ያስፈልግዎታል።

«አይ 7 ነው» ሲባል ማመን

ሻጩ «ኮር አይ 7 ነው፣ አብሽር» ይልዎታል። አልዋሸም፤ የሚጠቅም ነገር ግን ገና አልነገረዎትም። አይ 5 እና አይ 7 የሚባሉት የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል፣ ስሞች ከ15 ዓመት በፊትም ነበሩ። መታየት ያለበት ከሰረዙ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ነው። አይ 7-6600ዩ የሚለው በ6 ስለሚጀምር 6ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፣ ያለውም 2 ኮር (ሥራ የሚሠራ ክፍል) ብቻ ነው። አይ 5-8250ዩ 8ኛ ጀነሬሽን ሲሆን 4 ኮር አለው። ስሙ ትልቅ የሆነው ላፕቶፕ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲከፈትበት ከትንሹ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። ቁጥሩ በ1 ከጀመረ ሁለት አኃዝ ያንብቡ፤ 10210ዩ 10ኛ፣ 1135ጂ7 ደግሞ 11ኛ ጀነሬሽን ነው።

8ኛ ጀነሬሽንን እንደ ድንበር ይያዙት፤ ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች የሰጠው ማራዘሚያም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶች በቀር የሚቀበለው ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉትን ነው። የውጭ ቢሮዎች 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ኮምፒውተሮቻቸውን ለማስወገድ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ደህና የሚሠራን ማሽን በሶፍትዌር ውሳኔ ጡረታ ማውጣት ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ቢሆንም ገዢው የሚኖረው ከውሳኔው ጋር ነውና ለ6ኛ ጀነሬሽን የ8ኛን ዋጋ አይክፈሉ።

«ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል» ቢባሉም አይዘናጉ። መስፈርቱን እንዲዘል ተደርጎ በአሮጌ ማሽን ላይ መጫን ይቻላል። ይሠራል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለው ማሽን የዝመና ዋስትና አይሰጥም። በርካሽ ያገኙት 6ኛ ወይም 7ኛ ጀነሬሽን ባለ 8 ጊጋ ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ከሆነ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ነፃውን ሊኑክስ ሚንት ቢጭኑበት ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ገና ብዙ ያገለግላል።

ቁጥሩን ከተለጠፈው ስቲከር ላይ አያንብቡ፤ ስቲከር ይቀየራል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን በአንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ሲነኩ ሙሉ ስሙና የኮሩ ብዛት ይታያል። ሴሌሮን የሚል፣ ማለትም የኢንቴልን ርካሽ ፕሮሰሰር ስም ካነበቡ፣ ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው ቢሆን እንኳ ጥቂት ገጾች ሲከፍቱበት የሚንገዳገድ መሆኑን አውቀው ይወስኑ።

ቁልፉ የሌላ ሰው እጅ የሆነ ማሽን መግዛት

ገንዘብን ሙሉ በሙሉ የሚያስበላው ስህተት ይህ ነው። ከውጭ ኩባንያ የወጣ ላፕቶፕ በሦስት ዓይነት መንገድ ተቆልፎ ሊመጣ ይችላል።

የመጀመሪያው የባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም፣ የይለፍ ቃል ነው። ማሽኑን አጥፍተው ሲያስነሱ ዴል ከሆነ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10፣ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ 1 ደጋግመው ይጫኑ። የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ከሌለው ይተዉት። በተለይ የቲንክፓድ ሱፐርቫይዘር የይለፍ ቃል ዊንዶውስን ፎርማት በማድረግ አይጠፋም፤ የማዘርቦርድ (የማሽኑ ዋና ሰሌዳ) ሥራ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ብዙ ሻጮች ራሳቸው የማያውቁት ነው። ኩባንያዎች ላፕቶፖቻቸውን ማሽኑን ከድርጅቱ ጋር በሚያስተሳስረው በማይክሮሶፍት አውቶፓይለት ያስመዘግባሉ። ምዝገባው ያለው ማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ስለሆነ ሃርድ ዲስኩን ቢቀይሩም አይጠፋም። ሻጩ ያለ ኢንተርኔት ከጫነው ምንም ምልክት አይታይም። ከወራት በኋላ እርስዎ እንደገና ጭነው ከኢንተርኔት ጋር ሲያገናኙት ግን የማያውቁት ኩባንያ ስም ብቅ ይልና የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እያሉ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ገብተው ሪሴት ያስደርጉት፣ ሲነሳም በስልክዎ ሆትስፖት ያገናኙት። ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። «ኔትወርክ የለም፣ ቤት ሄደህ ታየዋለህ» ከተባለ የመመለሻ ቀኑ በጽሑፍ ይሁን።

ሦስተኛው የማክቡክ ነው። የቀድሞው ባለቤት የአፕል አካውንቱን ካላነሳ አክቲቬሽን ሎክ ይይዘዋል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት ላይ የሚሰበር ነገር አይደለም። ሻጩ ፊትዎ ጠርጎት እንደ አዲስ እስኪነሳ ድረስ ገንዘብዎን አያውጡ።

ባትሪውን በፐርሰንት መመዘን

100% የሚለው ጽሑፍ ባትሪው አሁን መያዝ የሚችለውን ያህል መያዙን ብቻ ነው የሚነግርዎት። ከ50 ዋት ሰዓት ወደ 20 የወረደ ባትሪም 100% ይላል። ዴል ላይ ባዮስ ውስጥ የባትሪ ጤና የሚል አለ። ኤችፒ ሲነሳ ኤፍ 2 ቢጫኑ የራሱ መመርመሪያ ይመጣል። ፋብሪካው የሰጠውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን ያወዳድሩ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 60% በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ይቀነስልዎ። መመርመሪያ ካጡ ቻርጀሩን ነቅለው፣ የስክሪኑን ብርሃን ሞልተው 20 ደቂቃ ቪዲዮ ያጫውቱ። በዚያ ጊዜ 25 ወይም 30 ፐርሰንት ከወረደ የቀረው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። መብራት በሚሄድበት ከተማ ይህ ከፕሮሰሰሩ እኩል የሚቆጠር ጉዳይ ነው።

ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከጎን ይመልከቱት። ታችፓዱ ከፍ ብሎ ወይም ለመጫን እምቢ ካለ፣ ክዳኑም አልገጥም ካለ ባትሪው አብጧል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ አይጫኑት፣ አይውጉት፣ «ትንሽ ነው» የሚልዎትንም አይስሙ።

ፋኑን በተመለከተ ለእኛ አካባቢ ብቻ የሚሠራ ነገር አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ የላፕቶፕን ችግር ይሸፍናል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ድምፁ የማይሰማ ማሽን ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሊያጓራና ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል። አቧራ የደፈነው መተንፈሻና የደረቀ የፕሮሰሰር ቅባት ናቸው ምክንያቶቹ። ስለዚህ ቪዲዮው እየተጫወተ ከጎን በሚወጣው አየር ላይ እጅዎን ያድርጉ። ሞቃት አየር በኃይል ከወጣ ደግ ነው። ማሽኑ ግሎ አየሩ ደካማ ከሆነ ማስጠረግ ይኖርብዎታል።

ጫፉ ስለገባ ብቻ ቻርጀር መውሰድ

ቻርጀሩ ላይ አውትፑት የሚለውን መስመር ያንብቡ። ቮልቱ ከላፕቶፑ ጋር እኩል መሆን አለበት። አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። 19.5 ቮልትና 3.34 አምፒር ሲባዛ 65 ዋት ነው። 65 የሚፈልገውን ማሽን በ45 ዋት ካሠሩት ቻርጀሩ ይግላል፣ ባትሪው ሥራ ላይ እያለ አይሞላም። ዴል ላይ ደግሞ መሃል ያለችው ቀጭን መርፌ የቻርጀሩን ማንነት ለማሽኑ ትናገራለች። መርፌዋ ከተሰበረች ወይም ቻርጀሩ የማይታወቅ ከሆነ ላፕቶፑ ይነሳል፣ ነገር ግን ባትሪ አይሞላም፤ ፕሮሰሰሩም ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። «ላፕቶፑ ተንቀረፈፈ» ተብሎ ራም የሚቀየርለት ማሽን አንዳንዴ በሽታው ይህቺው መርፌ ናት።

ብዙ ሰው ለላፕቶፕ ስታቢላይዘር ይገዛል። አብዛኛው ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ መብራት ደከም ማለቱ አይጎዳውም። የሚገድለው መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚወረወረው ኃይል ነው። መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ይንቀሉ፣ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። የላላ ዲቫይደርና የሚወዛወዝ የሶኬት መቀየሪያ እየፈነጠቀ ቻርጀር ያቃጥላል፤ ጠበቅ ያለ ይግዙ።

«1 ቴራ ነው» በሚለው መደሰት

256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ያለው ከ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ይሻላል። ሃርድ ዲስክ በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ ስለሚያነብ ዊንዶውስ 11 እስኪነሳ ቡና ይፈላል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ዲስክ የሚለው ዓይነቱን ይነግርዎታል። ጤናውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይዩ፤ ፕሮግራሙን ቀድመው ፍላሽ ላይ ይያዙት። ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ዲስኩ ይቀየር።

ራምም እዚያው ይታያል። ስሎት (የራም መሰኪያ) 2 ኖሮ 1 ብቻ ከተያዘ ወደፊት መጨመር ይችላሉ። ፎርም ፋክተር ላይ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ ራሙ ማዘርቦርድ ላይ የተበየደ ነው፤ እንዲህ ሆኖ 4 ጊጋ ከሆነ ይለፉት። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 አይለዋወጡም፤ ጥርሳቸው የተቀረጸበት ቦታ ይለያያል።

ባለ 2 ቴራ ፍላሽ በርካሽ መግዛት

የለም። በአንድ ምሳ ዋጋ የሚሸጥ 2 ቴራ ፍላሽ ውስጡ ብዙ ጊዜ 16 ወይም 32 ጊጋ ነው። መቆጣጠሪያ ቺፑ 2 ቴራ ነኝ እንዲል ተደርጎ ተሠርቷል። ከእውነተኛው አቅም ሲያልፉ አዲሱ ፋይል የድሮውን ይረግጣል ወይም ባዶ ይጻፋል፤ ስሙና መጠኑ ይታያል፣ ሲከፈት ግን የለም። ኤች 2 ቴስት ደብሊው የሚባለው ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል። የሠርግ ቪዲዮና የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ ባለ ፍላሽ ላይ ይጠፋል።

አንቲቫይረሱን አጥፍቶ ክራክ መጫን

ዊንዶውስን ወይም ኦፊስን ያለ ክፍያ የሚከፍተው፣ ክራክ ወይም አክቲቬተር የሚባለው ፕሮግራም ሲጫን መጀመሪያ አንቲቫይረሱን እንዲያጠፉ ይጠይቃል። በሩን ከፍቶ ማን እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ፕሮግራሞች ከሚጓዙባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይህ ነው። አብዛኞቹ የቢሮ ላፕቶፖች የዊንዶውስ ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተጽፎ ስለሚመጣ፣ ከፋብሪካ የመጣላቸው ዓይነት ዊንዶውስ በንጹሕ ሲጫን ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኙ ራሳቸው አክቲቬት ይሆናሉ። ስለዚህ ከሻጩ የአክቲቬሽን ክፍያ ሲጠየቁ መጀመሪያ ይህን ያረጋግጡ። ለጽሑፍና ለሰንጠረዥ ሊብሬኦፊስ በነፃ አለ።

ፍላሽዎ ከፎቶ ኮፒ ቤት ሾርትከት ብቻ ሆኖ ከተመለሰ ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ። ቫይረሱ ፎልደሮቹን ደብቆ በስማቸው ሾርትከት አስቀምጧል እንጂ አላጠፋቸውም። ሾርትከቱን ሳይነኩ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው ውስጥ የተደበቁትን አሳይ የሚለውን ይምረጡ፤ ካልታዩ የሲስተም ፋይሎችን መደበቂያውንም ያንሱ። ፋይሎችዎን ይቅዱ፣ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ለኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ብሎ ተጨማሪ መክፈል

ማይክሮሶፍት በግንቦት 2016 ዓ.ም. ኮፓይለት ፕላስ የሚላቸውን ላፕቶፖች ካስተዋወቀ ወዲህ የኤአይ ላፕቶፕ ወሬ በዝቷል። ቻትጂፒቲ የሚያስበው ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ነው፤ ብራውዘር የሚከፍት ማንኛውም ማሽን ይበቃዋል። ትርፍ ገንዘቡን 16 ጊጋ ራም ላይ ያውሉት።

ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ፣ ወይም ሁሉንም አንድ ማሽን ላይ ማስቀመጥ

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ መዘጋቱ ለወራት ቆየ። ጽሑፉን ጉግል ድራይቭ ላይ ብቻ ያኖረ ተማሪ የራሱን ሥራ ማየት አልቻለም። የኢንተርኔት መቋረጥ ለፖለቲካ ችግር መፍትሔ ሆኖ መቅረቡ ትክክል አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ተራው ሰው ነው። ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ኮምፒውተር ሲሄድ በውስጡ የነበረው ሰነድም አብሮ ሄደ። ሁለቱ አደጋዎች ተቃራኒ ናቸውና አንዱ ቅጂ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቤት በሚቀመጥ የተፈተነ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ኢንተርኔት ላይ ይሁን። የድራይቨሮችን (የማሽኑን ክፍሎች ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባቡ ፕሮግራሞችን) ፋይል፣ የሊብሬኦፊስንና የብራውዘርን ሙሉ መጫኛ ዛሬ ኔትወርክ እያለ አውርደው እዚያው ዲስክ ላይ ያኑሩ። ብራውዘር ሲያወርዱ ትንሹ ፋይል ሲጫን ራሱ ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ኦፍላይን የሚለውን ይምረጡ።

በመጨረሻ ደረሰኙ ላይ «ላፕቶፕ 1» ብቻ ተጽፎ እንዳይሰጥዎ። ባዮስ ውስጥ የሚታየውን መለያ ቁጥር ከሆዱ ሥር ካለው ጋር ያመሳክሩ፤ ከተለያዩ ማዘርቦርዱ ወይም ሽፋኑ ተቀይሯል፣ ምክንያቱን ይጠይቁ። ከተመሳሰሉ ቁጥሩን፣ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ ራሙን፣ ዲስኩንና የመመለሻ ቀኑን አስጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ይውሰዱ።