አዲስ ቲቪ ስትገዙ፦ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ምን ማለት ነው?

ሁለት ባለ 55 ኢንች ቲቪዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ በሁለቱም ላይ «4ኬ፣ ኤችዲአር፣ ስማርት» ተብሎ ተጽፎ፣ የአንዱ ዋጋ የሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ካርቶኑ በትልቁ በማይጽፋቸው ነገሮች ነው፦ የፓነሉ (ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል) ዓይነት፣ የመብራቱ አቀማመጥ፣ የብሩህነቱ ልክና የሪፍሬሽ ሬቱ። ስለዚህ መጀመሪያ ከጀርባው የተለጠፈውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሱ። መጨረሻው ላይ ያለች አንዲት ፊደል ስትለይ ውስጡም የተለየ ሊሆን ስለሚችል፣ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የምታነቡት ዝርዝር የዚያው ቁጥር መሆኑን አረጋግጡ።

መጠንና ሪዞሉሽን

ኢንቹ የሚለካው ከስክሪኑ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ነው። የ55 ኢንች ስክሪን ስፋቱ ወደ 122 ሴንቲሜትር፣ ከፍታው ወደ 68 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ 65ቱ 144 በ81 ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ በእግሮቹ መካከል ያለውን ርቀትም ለኩ፤ እግራቸው ጫፍና ጫፍ ላይ የሚገጠም ሞዴሎች ብዙ ናቸው፣ ጠረጴዛው እንደማይበቃ የሚታወቀውም ብዙ ጊዜ ቲቪው ከካርቶን ከወጣ በኋላ ነው። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል «ቬሳ» የሚለውን ቁጥር እዩ። 300 በ300 ከሆነ ከጀርባው ያሉት አራት የብሎን ቀዳዳዎች በ300 ሚሊሜትር ይራራቃሉ ማለት ነው፤ መስቀያውም ለዚሁ ልክ የሚሆን መሆን አለበት።

መቀመጫው ምን ያህል ይራቅ? የስክሪኑን ሰያፍ ልክ ከ1.2 እስከ 1.6 ባለው ቁጥር አባዙት። ለ55 ኢንች ከ1.7 እስከ 2.2 ሜትር ይመጣል። ከዚህ እጅግ ከራቃችሁ 4ኬን ከፉል ኤችዲ መለየት ይከብዳል።

ፉል ኤችዲ 1920 በ1080፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ያህል ፒክስል (ምስሉን የምትሠራ ጥቃቅን ነጥብ) ነው። 4ኬ ወይም ዩኤችዲ 3840 በ2160 ሲሆን ከ8 ሚሊዮን ያልፋል። 8ኬ የ4ኬ አራት እጥፍ ነው፤ ግን በ8ኬ የተሠራ የሚታይ ነገር በጣም ጥቂት ስለሆነ ገንዘቡን ለተሻለ ፓነል ማዋል ይሻላል።

ፓነሉና መብራቱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ኤልሲዲ ፓነል በራሱ አይበራም፤ ከኋላው መብራት ይፈልጋል። «ኤልኢዲ ቲቪ» የሚባለው ይኸው ኤልሲዲ ነው፤ ኤልኢዱ መብራቱ ነው። ኪውኤልኢዲም ኤልሲዲ ነው፤ ኳንተም ዶት የሚባል ንጣፍ ስለተጨመረበት ቀለሙ ይደምቃል፣ ጥቁሩን ግን አያጠቁረውም። ኦኤልኢዲ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል በራሱ የሚበራ በመሆኑ ጥቁር ሲያስፈልግ ጭርሱን ይጠፋል። ስማቸው ስለሚቀራረብ ሻጭም ገዢም ያምታታቸዋል፤ በአሠራር ግን አይገናኙም።

ኤልሲዲ ከሆነ መብራቱ የት እንዳለ ጠይቁ። ኤጅ ሊት ከሆነ መብራቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ ቲቪው ይቀጥናል፣ ነገር ግን በጨለማ ትዕይንት ጥጎቹ ግራጫ ይሆናሉ። ዳይሬክት ሊት ከሆነ ከጀርባ በሙሉ ተደርድሯል፤ ስርጭቱ የተሻለ ቢሆንም ሁሉም ባንድነት ይበራል። ፉል አሬይ ሎካል ዲሚንግ ላይ መብራቱ በዞን ይከፈልና ሥዕሉ በጨለመበት ዞን ብቻ ይቀንሳል። ሚኒ ኤልኢዲም ይኸው ነው፤ አምፖሎቹ ጥቃቅን በመሆናቸው ዞኖቹ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ይቆጠራሉ። «ሎካል ዲሚንግ አለው» ካሏችሁ «ስንት ዞን?» በሉ። ዞኑ ሲያንስ ጥቁር ላይ የተጻፈ ነጭ ሰብታይትል ዙሪያውን ጉም ይለብሳል።

ቀጥሎ ቪኤ ወይስ አይፒኤስ? ሁለቱም የኤልሲዲ ፓነል ዓይነቶች ናቸው። የቪኤ ኮንትራስት (ነጩ ከጥቁሩ ስንት እጥፍ እንደሚበራ) ብዙውን ጊዜ ከ3000 ለ1 በላይ ሲሆን የአይፒኤስ ወደ 1000 ለ1 ነው። ጨለም ባለ ክፍል ፊት ለፊት ለሚቀመጥ ሰው ቪኤ ይሻላል። ሰው ግራና ቀኝ ተደርድሮ የሚያይ ከሆነ አይፒኤስ ይመረጣል፤ ከጎን ሲታይ ቀለሙ ቶሎ አይደበዝዝም። «ዳይናሚክ ኮንትራስት 1,000,000 ለ1» የሚለውን ግን ከቁጥር አታስገቡት፤ ጥቁሩና ነጩ በተለያየ ጊዜ፣ መብራቱ ዝቅና ከፍ እያለ የተለኩ ናቸው።

ኦኤልኢዲ የምትገዙ ከሆነ አንድ ድክመቱን እወቁ። የጣቢያ አርማ ወይም የዜና ሪባን በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ ከቆየበት ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል። ቲቪው ይህን ለመከላከል በስታንድባይ ሳለ ፒክስሎቹን ያስተካክላል፤ ስለዚህ በሪሞት ካጠፋችሁት በኋላ ወዲያው ሶኬቱን አትንቀሉ።

ኤችዲአር፣ ኒትና ቢት

ኤችዲአር በጣም ብሩሁንና በጣም ጨለማውን ባንድ ምስል ላይ ለማሳየት የተዘጋጀ የቪዲዮ ዓይነት ነው። «ኤችዲአር ይደግፋል» ማለት ሲግናሉን ይቀበላል ማለት እንጂ በትክክል ያሳየዋል ማለት አይደለም። ብሩህነት በኒት ይለካል። 300 ኒት ገደማ ያለውና ሎካል ዲሚንግ የሌለው ቲቪ የኤችዲአር ፊልም ሲከፈትበት እንዲያውም ከተለመደው ምስል ጨለም ብሎ ሊታይ ይችላል፤ የፀሐይዋን ነጸብራቅ ለማሳየት አቅም ስለሌለው የቀረውን ሁሉ ወደ ታች ይጫነዋል። ለኤልሲዲ ቢያንስ 600፣ ሲቻል 1000 ኒት ፈልጉ። ኦኤልኢዲ ጥቁሩ ፍጹም ስለሆነ ባነሰ ኒትም ይወጣዋል።

ኤችዲአር ራሱ ዓይነት አለው፦ ኤችዲአር10 ለሙሉው ፊልም አንድ የብሩህነት መረጃ ይይዛል፤ ኤችዲአር10 ፕላስና ዶልቢ ቪዥን በየትዕይንቱ ይቀይሩታል። ኤችኤልጂ ደግሞ ለቴሌቪዥን ስርጭት የተዘጋጀ ነው። የቀለም ጥልቀቱም 10 ቢት ይሁን፤ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቀለም ያሳያል። 8 ቢት 16.7 ሚሊዮን ላይ ስለሚቆም የምሽት ሰማይ ላይ ደረጃ ደረጃ የሠራ መስመር ይታያል። «8 ቢት ሲደመር ኤፍአርሲ» (ሁለት ተቀራራቢ ቀለሞችን በፍጥነት እያፈራረቀ የጎደለውን የሚያስመስል ዘዴ) መካከለኛ መንገድ ነው፣ ለአብዛኛው ዓይን ይበቃል።

ኸርዝና ኤችዲኤምአይ

ሪፍሬሽ ሬት ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ይናገራል። «ሞሽን ሬት 240» የሚመስል ስም ግን የሽያጭ ቋንቋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሥሩ 60 ወይም 120 ኸርዝ ፓነል አለ። የምትፈልጉት «ኔቲቭ» የሚለውን ቁጥር ነው። ለፊልምና ለዜና 60 ይበቃል፤ ለኳስና ለጌም 120 ልዩነት ያመጣል።

ኤችዲኤምአይ ምስልና ድምፅ ከሌላ መሣሪያ ወደ ቲቪው የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ኤችዲኤምአይ 2.0 በሰከንድ 18 ጊጋቢት ስለሚያሳልፍ 4ኬን እስከ 60 ኸርዝ ያደርሳል። 2.1 እስከ 48 ጊጋቢት ይደርሳል፤ ይሁንና አምራቹ ሁሉንም አቅሙን እንዲያካትት አይገደድም። ስለዚህ «2.1 ነው?» ከማለት «4ኬ በ120 ኸርዝ የሚቀበለው የትኛው ቀዳዳ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ናቸው። ሳውንድባር (ለብቻው የሚገዛ የቲቪ ስፒከር) የሚገባው «ኢአርክ» ወይም «አርክ» የተጻፈበት፣ የቲቪውን ድምፅ ወደ ውጭ የሚያወጣው ቀዳዳ ላይ ነው። አንዳንዴም ከሁለቱ የ120 ኸርዝ ቀዳዳዎች አንዱ ራሱ ኢአርኩ ስለሚሆን ሳውንድባርና ሁለት የጌም ኮንሶል ያለው ሰው ይቸገራል።

ስለ ድምፅ ብዙ የሚባል የለም፤ ቀጭን ቲቪ ውስጥ ያለ ባለ 20 ዋት ስፒከር «ዶልቢ አትሞስ» ቢባልም ከቀጭን ስፒከር አያልፍም። ያለ ሪሲቨር የምታዩ ከሆነ ለሳተላይት ዲቪቢ-ኤስ2፣ ለምድር አንቴና ዲቪቢ-ቲ2 ቱነር (ስርጭት መቀበያ) እንዳለው አረጋግጡ።

ሱቅ ውስጥ

1. ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የጨለማ ትዕይንት ያለው ባለ ሰብታይትል ቪዲዮና ሙሉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስሎች ጫኑበት። ፋት32 ፎርማት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም።
2. የሥዕል ሞዱን ከ«ቪቪድ» ወደ «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» ቀይሩ። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ቲቪ ብሩህነቱ እስከ ጥግ ተጭኖ ስለሚሠራ ያለዚህ ማወዳደር አይቻልም።
3. ጥቁሩ ላይ ጥጎቹን፣ ሰብታይትሉ ላይ ዙሪያውን እዩ። ከዚያ ወደ ጎን ተራምዳችሁ ቀለሙ የሚደበዝዝበትን ቦታ ያዙ።
4. በባለ ቀለም ምስሎቹ ላይ ቀርባችሁ የሞተ ፒክስል ፈልጉ። አንዲት ነጥብ ብቻ ከሆነች ብዙ አምራቾች በዋስትና አይቀይሩም፤ የሚሰጣችሁ ካርቶኑ ያልተከፈተ ከሆነም ይህንኑ ፍተሻ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ቤት ውስጥ ድገሙት።

ቤት ስትደርሱ «ሆም ሞድ» ምረጡ። ኮንሶል ያስገባችሁበትን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳም ከሴቲንግ ገብታችሁ ወደ «ኢንሃንስድ» ቀይሩት፤ በብዙ ቲቪዎች ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ ስለማይከፈት 4ኬ በ120 ኸርዝም ሆነ ኤችዲአር በዚያ ቀዳዳ ላይመጣ ይችላል።