ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት አልዘፍን ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

የቆየ ካሴት ከካርቶን ወጥቶ ድምፁ ታፍኖ ሲሰማ ወይም ቴፑ ክሩን ሲበላው ብዙ ሰው «በቃ፣ ይህ አልቆለታል» ብሎ ይጥለዋል። ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል የሚል ማጽናኛም አለ። እባካችሁ አትጣሉት። በእጄ ካለፉት ካሴቶች እንዳየሁት አብዛኛውን ጊዜ የታመመው ቴፑ ነው።

ማጫወት ከመጀመራችሁ በፊት በካሴቱ የጀርባ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ መከለያዎች ሰብራችሁ አውጡ፤ ያኔ የመቅጃው ቁልፍ በስህተት ቢነካም ላዩ ላይ ሌላ ነገር አይቀዳበትም። ከዚያ ቢበላሽ የማያስቆጭ ሌላ ካሴት ፈልጋችሁ ቴፑን በእሱ ፈትኑት። ችግሩ በሁለቱም ላይ ከታየ ጥፋቱ የቴፑ ነው።

ድምፁ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚመጣ ታፍኖ ይሰማል

ክሩ ላይ የተቀባው ቡናማ ነገር የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ዘፈኑ የተያዘው በእሱ ላይ ነው። ክሩ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር እየተጓዘ ሄዱን፣ ማለትም ከክሩ ላይ ድምፁን የሚያነበውን የቴፑን ክፍል፣ ሲታከክ ከዚህ ዱቄት ጥቂት ጥቂቱ ይረግፍና ሄዱ ላይ ይጋገራል። ክሩ ከሄዱ ትንሽ በራቀ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፦ ጸናጽሉ፣ የዘፋኙ ትንፋሽ፣ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ፉጨት።

በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ላይ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ንጹሕ አልኮል ነክራችሁ ሄዱን ጥረጉ። የመጀመሪያው ጥጥ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ጥጥ እየቀየራችሁ ድገሙት። ክሩን የሚጎትተውን ክብ ጎማ ደግሞ ሳሙና በነካው እርጥብ ጨርቅ አጽዱ። ሁሉም በደንብ ሳይደርቅ ካሴት አታስገቡ።

ጽዳቱ ካልፈታው የዶልቢን፣ ማለትም የክሩን የ«ሽሽ» ድምፅ የሚቀንሰውን ዘዴ፣ ማብሪያ ተመልከቱ። ያለ ዶልቢ የተቀዳ ካሴት ዶልቢ ተከፍቶ ከተጫወተ ቀጫጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። ይህን ሳያዩ ቴፑን ሙሉ በሙሉ የፈቱ ሰዎች አውቃለሁ።

ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል

ካሴቱን በአፉ በኩል አይታችሁ ከክሩ ጀርባ፣ ስስ የብረት ምላስ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ጨርቅ መኖሯን አረጋግጡ። ክሩን ከሄዱ ጋር የምታጣብቀው እሷ ናት። ሙጫዋ በዕድሜ ደርቆ ከወደቀች ድምፁ ይዋዥቃል። መፍትሄው ክሩን ወደ ሌላ ካሴት ቤት ማዛወር ነው። በብሎን የተያያዘ ባዶ ካሴት ግዙ፤ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ፍቱ፤ ሁለቱን ጥቅሎች ከነክራቸው በሁለት እጅ እኩል አንስታችሁ ወደ አዲሱ ቤት አስገቡ። በዚያች ቅጽበት ስልክ ቢጮህ አታንሱ። አንዱ ጥቅል ከእጅ ካመለጠ ክሩ ወለሉን ያለብሰዋል።

ዜማው ይወላገዳል

እዚህ ላይ ተጠርጣሪው የቴፑ ችንጋ ነው። ጎማ በመሆኑ ይላላል፤ አንዳንዱም ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። አሮጌውን ለክታችሁ በልኩ ተኩ፤ የቀለጠውን በአልኮል አጽዱ። ሌላው ካሴት ደህና እየዘፈነ አንዱ ብቻ ከተወላገደ ግን ክሩ ተጣብቆ ቆይቷል ማለት ነው። አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት፤ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ቴፑ ክሩን በላው

አትጎትቱ። ቴፑን አጥፍታችሁ ካሴቱን ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉና የተጠመጠመውን ከውስጥ በጣታችሁ አላሉት። ከወጣ በኋላ እርሳስ በጥርሶቹ መካከል አስገብታችሁ ጠቅልሉት። ምክንያቱ ወይ ጎማው ቆሽሿል፣ ወይ ክሩን የሚቀበለው ወገን መዞር አቁሟል። የ120 ደቂቃ ካሴቶች በዚህ ይብሳሉ፤ ክራቸው ከ60 ደቂቃው በግማሽ ያህል ይቀጥናል።

ከተበጠሰም ተስፋ አትቁረጡ። ሁለቱን ጫፎች ደርባችሁ ሰያፍ ቁረጡ፣ አገናኙ፣ ወደ ሄዱ በማይዞረው ፊት ላይ ለዚሁ የተሠራ ማጣበቂያ ለጥፉ። ተራ ፕላስተር ሙጫው እየወጣ ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል። 1 ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ ብትጥሉ የምታጡት የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው።

ሲዲና ሸክላ ካላችሁ

ሲዲን ከመሐል ወደ ጠርዝ ጥረጉ እንጂ ዙሪያውን አትሹ። በሚያንጸባርቀው ፊት ያለ ጭረት ብዙ ጊዜ ይስተካከላል፤ ጽሑፍ ባለበት ፊት ያለው ግን አይድንም፣ መረጃው የተቀመጠው እዚያው ከቀለሙ ሥር ነውና። ሸክላ ሲዘል ደግሞ መርፌውንና ቦዩን ከአቧራ ማጽዳት ይቀድማል።

ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት፣ ግን ያ ስሜት የለም

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ጥሩ አድርጋችሁ ገልብጣችሁ፣ ድምፁም ጠርቶ፣ ስታዳምጡት ባዶ ይሆንባችኋል።

አንድ የቤታችን ካሴት አለ፣ ከሬዲዮ በማይክሮፎን የተቀዳ። ሁለተኛው ዘፈን አልቆ ሦስተኛው ሳይጀምር የእናቴ ድምፅ ይሰማል፤ አባቴን «ቀስ በል፣ እየቀዳ ነው» ትለዋለች። አራት ቃል ነው። በመጀመሪያ ስገለብጠው በዘፈን በዘፈን ከፋፈልኩት፤ በመካከል ያለውን ጸጥታም ፕሮግራሙ እንዲቆርጠው አዘዝኩ። እናቴ የጸጥታው አካል ተብላ ተቆረጠች። ደግነቱ ካሴቱን አልጣልኩትም ነበር።

ምክንያቱ እንግዲህ ይህ ነው፦ የምንናፍቀው ቅደም ተከተሉን፣ በመካከል ያለውን ሹክሹክታ፣ ፊቱ አልቆ ቀጭ ሲል ተነስተን የምንገለብጠውን ጭምር ነው። ስለዚህ አንዱን ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጡ በአንድ ፋይል ቅዱ። ዌቭ በሚባለው፣ ድምፁን በማይጨምቀው ዓይነት፣ ቢያንስ በ44.1 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት አስቀምጡት፤ የሲዲ ልክ ነው። ጫጫታ ማጥፊያውን በዋናው ፋይል ላይ አትንኩ፤ ከፈለጋችሁ በቅጂው ላይ ሞክሩት። ሽፋኑንና በእጅ የተጻፈውን ዝርዝር ፎቶ አንሱ። ለፋይሉም ካሴቱ ላይ የተጻፈውን ስም ስጡት፤ የፊደል ግድፈት ካለበትም ከነግድፈቱ።