ለሁለት የተከፈለ ፊልም በቤት ሰርቨር ላይ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሰርቨሩ እንደሚሠራ፣ ላይብረሪው ለፊልም ተብሎ እንደተከፈተ፣ ፎልደሩን የማንበብ ፈቃድም እንደተሰጠው አረጋግጠዋል ብዬ እነሣለሁ። የምጽፈው በፕሌክስና በጄሊፊን ላይ ነው፤ ሁለቱም በቤት ኮምፒውተር የተቀመጠን ፊልም ወደ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚያደርሱ የሰርቨር ፕሮግራሞች ናቸው።

እጄ የሚገቡት የተከፈሉ ፊልሞች አብዛኞቹ የመጡት ከሦስት ቦታ ነው። አንዱ ቪሲዲ ነው፤ ዲስኩ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ፣ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ የአማርኛ ፊልም በሁለት ዲስክ ይሸጥ ነበር። ሁለተኛው የሰርግ ዲቪዲ ነው፤ ዲቪዲ ምስሉን የሚያስቀምጠው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ቁርጥራጮች ነው። ሦስተኛው ፋት32 በሚባለው የቆየ የፋይል አደራደር የተፎረመተ ፍላሽ ነው፤ 4 ጊጋባይት የሞላ ፋይል ስለማይቀበል ሰዎች ፊልሙን ቆርጠው ይጭኑበታል። ፍላሹን ይህ ገደብ በሌለበት በኤክስፋት መልሶ መፎረማት ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ፎርማት በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋልና አስቀድመው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ።

ምልክት፦ ፊልሙ በላይብረሪው አንድ ሆኖ ይታያል፣ ሲጫወት ግን መሀል ላይ ያልቃል

ከሁሉም በላይ የሚገጥመኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ በሰፊው እሄድበታለሁ።

መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሰርቨሩ ሁለቱን ግማሾች የአንድ ፊልም ሁለት ቅጂዎች አድርጎ ይዟቸዋል። አንድ ፊልም በተለያየ የምስል ጥራት ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ሰርቨሮቹ ቅጂዎቹን በአንድ ፖስተር ሥር ሰብስበው ከመካከላቸው አንዱን ያጫውታሉ። ግማሾቹም በዚህ መንገድ ከተሰበሰቡ የሚጫወተው አንዱ ብቻ ነው። እሱ ሲያልቅ ለሰርቨሩ ፊልሙ አለቀ።

እዚህ ላይ የሚያደርሱት መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በእጅ የሚሠራ ስሕተት ነው። ባለቤቱ ሁለት ፖስተር ያያል፣ ያናድደዋል፣ ሁለቱንም መርጦ በፕሌክስ «መርጅ» የሚለውን፣ በጄሊፊን ደግሞ ቅጂዎችን የሚሰበስበውን ትእዛዝ ይጫናል። ፖስተሩ አንድ ይሆናል፤ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ይህ ትእዛዝ ግን ፋይል አያጣብቅም፣ አንዱን ከሌላው አያስከትልም። «እነዚህ ሁለቱ አንድ ይዘት ናቸው» ብሎ ለሰርቨሩ የሐሰት ምስክርነት መስጠት ነው።

ጉዳቱ በዚህ አይቆምም። አንድ ቤተሰብ የሰርጋቸውን ሁለት ዲቪዲ እንዲህ ሰብስበው አስቀመጡ። ወራት ካለፉ በኋላ ዲስኩ ሲሞላባቸው ልጃቸው ገብቶ «አንድ ፊልም ሁለት ቅጂ ምን ያደርጋል?» በማለት አንደኛውን ሰረዘ። የጠፋው የመልሱ ቀን ሙሉ ቪዲዮ ነበር። ዋናው ዲቪዲ ደግሞ ተጫጭሮ ስለነበር መመለስ የተቻለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ልጁ ጥፋተኛ አይደለም፤ ሰርቨሩ ቅጂ ናቸው ብሎ አሳይቶታል። ስለዚህ አጥብቄ እለምናለሁ፦ የተከፈለ ፊልም ላይ «መርጅ» አይጫኑ። በላይብረሪው ውስጥ ትርፍ የሚመስል ቅጂ ሲያዩም ርዝመቱን፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ሳያዩ አይሰርዙ።

ሁለተኛው መንገድ ማንም ምንም ሳይጫን ይመጣል። ጄሊፊን የፋይሉ ስም በፎልደሩ ስም ጀምሮ ከሰረዝ በኋላ ሌላ ቃል ካስከተለ፣ ያንን ቃል የቅጂ መለያ አድርጎ ያነበዋል። ፎልደሩ «የፊልሙ ስም (2009)» ቢባል፣ ፋይሎቹም «የፊልሙ ስም (2009) - ክፍል 1» እና «የፊልሙ ስም (2009) - ክፍል 2» ቢባሉ፣ ለእኛ ግልጽ ነው። ጄሊፊን ግን «ክፍል» የሚለውን ቃል አያውቀውም፤ «1080» ወይም «720» እንደሚል መለያ ቆጥሮ ሁለት ቅጂ ያደርጋቸዋል። የአማርኛ ፊልም ያከማቹ ብዙ ሰዎች የሚወድቁት በዚህ ጉድጓድ ነው፤ የቪሲዲው ሽፋን ላይ «ክፍል 1» ተብሎ ስለተጻፈ እንደዚያው ይሰይሙታል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። በእጅ የተሰበሰቡ ከሆነ በመጀመሪያ ቅጂዎቹን በሚለያየው ትእዛዝ ይነጣጥሏቸው። ቀጥሎ ለጊዜው በስም ማስተካከል ይቻላል፦ ሁለቱም ፋይሎች በአንድ ፎልደር ውስጥ ሆነው፣ ስማቸው እስከ ዓመቱ ድረስ በፊደልም በክፍተትም አንድ ሆኖ፣ መጨረሻቸው ላይ ከሰረዝ ቀጥሎ በላቲን ፊደል ሲዲ፣ ዲቪዲ፣ ዲስክ፣ ፓርት ወይም ፒቲ ተብሎ ቁጥሩ ይጣበቅበት። ፒ እና ቲ ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆኑ የምጠቀመው «ፒቲ1»፣ «ፒቲ2» የሚለውን ነው። የፊልሙ ስም በግእዝ ፊደል ቢሆን ችግር የለም፤ ላቲን መሆን ያለበት ይህ ጭራ ነው። ከዚያ ላይብረሪው እንደገና ይቃኝ።

«ለጊዜው» ያልሁት በምክንያት ነው። ፕሌክስ የተከፈለ ፊልም የሚቀበለው ሁሉም ክፍሎች አንድ ዓይነት የፋይል ቅርጽ ሲኖራቸው፣ የድምፅና የሰብታይትል ቅደም ተከተላቸውም ሲመሳሰል፣ ከስምንት ክፍል ሳይበልጡ ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶም እንኳ በሁሉም መተግበሪያዎች አይሠራም። ጄሊፊን ሁለተኛውን ክፍል ተጨማሪ ክፍል ብሎ ከሥር ያስቀምጠዋል፤ ያው ፊልም በሌላ ጥራትም ካለ ደግሞ ክፍፍሉና ቅጂው አብረው አይሄዱም። አያት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው መሀል ላይ በቆመ ፊልም እንዲቸገሩ ካልፈለጉ ፋይሉን በእውነት ያጣብቁት።

ማጣበቂያው፦ ኤምኬቪቱልኒክስ

በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ምስሉንም ድምፁንም እንደገና አይጨምቅም፤ እንዳለ ወስዶ አንዱን ከሌላው ጫፍ ያያይዛል። ስለዚህ ጥራት አይቀንስም፣ የሚፈጀውም ጊዜ ፋይሉን ከመገልበጥ ብዙም አይበልጥም። የሁለቱን ክፍሎች ድምር የሚያህል ባዶ ቦታ ያዘጋጁ። ውጤቱን በፋት32 ፍላሽ ላይ አይጻፉ፤ 4 ጊጋባይት ሲደርስ ይቆማል።

የመጀመሪያውን ክፍል ያስገቡ። ከዚያ በእሱ ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው «አፔንድ ፋይልስ» የሚለውን መርጠው ሁለተኛውን ያስከትሉ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው «አድ» ብለው ካስገቡት የሚያገኙት የተቀጠለ ፊልም ሳይሆን ሁለት ምስል ጎን ለጎን የታሸገበት ፋይል ነው። አንድ ደንበኛ በዚህ መንገድ የልጁን የክርስትና ቪዲዮ አጣብቄዋለሁ ብሎ ላከልኝ። የፋይሉ መጠን ትክክል ነበር፤ ርዝመቱ ግን የረጅሙ ክፍል ርዝመት ብቻ ሆነ፤ ቴሌቪዥኑም የመጀመሪያውን ምስል ብቻ አሳየ። ደግነቱ ምንም አልጠፋም፤ ሁለቱም ምስሎች በውስጡ ስለነበሩ ለያይቼ በትክክል ቀጠልኋቸው። ዋናዎቹን ፋይሎች ግን ከእኔ ጋር ሳይነጋገር ሰርዟቸው ነበር፤ ይህን አታድርጉ ብዬ ስንት ጊዜ ልናገር!

የዲቪዲ ቁርጥራጭ ከሆነ ጉዳዩ ይቀላል። ቁጥሩ 1 የሆነውን ሲያስገቡ ፕሮግራሙ ተከታዮቹን ራሱ ያነሣል፤ እንደገና በእጅ ካስገቧቸው ይደጋገማሉ። መጨረሻው 0 የሆነው ምናሌው ስለሆነ ይተዉት።

ሲጨርሱ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ጠቅላላ ርዝመቱ የሁለቱ ድምር መሆኑን፣ መገጣጠሚያው አካባቢ ያሉትን ደቂቃዎች፣ በመጨረሻው ደቂቃ የተናጋሪው ከንፈርና ድምፅ አንድ መሆናቸውን። ዋናዎቹን ከዚህ በፊት አይሰርዙ። የሰርግ፣ የለቅሶና የክርስትና ቪዲዮ ከሆነ ከዚህ በኋላም ቢሆን አይሰርዙ፤ በሌላ ዲስክ ያስቀምጡ።

ምልክት፦ ፋይሉ ተጣብቋል፣ መጠኑም ሙሉ ነው፣ ግን የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ይጫወታል

አንድ ሰው በዊንዶውስ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ባይቱን ከባይት ጋር ገጥሞታል። ኤምፒ4 እና ኤቪአይ የየራሳቸውን ማውጫ በውስጣቸው ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ማውጫ ስለ ሁለተኛው ግማሽ ምንም አያውቅም፣ አጫዋቹም እዚያው ያቆማል። ዋናዎቹን አምጥተው ከላይ እንዳልሁት ይቀጥሉ። ባይት ለባይት መግጠም ትክክል የሚሆነው የፋይሎቹ መጨረሻ ነጥብ 001፣ ነጥብ 002 ሲሆን ነው፤ እነዚህ ፊልም ሳይሆኑ የአንድ ፋይል ቁራጮች ናቸው፣ ሁለተኛው ብቻውን አይከፈትም፣ የታሸገ ፋይል በሚፈታው በሰባት-ዚፕ ፕሮግራም ይገጠማሉ።

ምልክት፦ ሁለት ፖስተር፣ ያውም አንዱ የማያውቁት የውጭ ፊልም

ስሙ ላይ ያለው ዓመት ነው። የቪሲዲው ሽፋን 2001 ዓ.ም. ይላል፤ ባለቤቱ ቅንፍ ውስጥ 2001 ብሎ ይጽፋል። ሰርቨሩ መረጃ የሚያመጣባቸው ቋቶች የሚሠሩት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ፣ 2008 ወይም 2009 መሆን የነበረበትን ትቶ በ2001 የወጣ ስሙ የሚቀርብ ሌላ ፊልም ይለጥፍበታል። አንድ የአማርኛ ፊልም ስሙ በላቲን ተጽፎ የአስፈሪ ፊልም ፖስተር ለብሶ አይቻለሁ፤ ልጆች ያሉበት ቤት ነበር። ዓመቱን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ይለውጡ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም ለወጣ ፊልም 7፣ ከዚያ በኋላ ለወጣ 8 ይደምሩ። ፊልሙ በቋቱ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ፣ ብዙዎቹ የቪሲዲ ዘመን ፊልሞች የሉም፣ በፕሌክስ የተሳሳተውን ግጥሚያ ሰርዘው ርዕሱን በእጅ ይጻፉ። በጄሊፊን ከፊልሙ ጎን የኤንኤፍኦ ፋይል፣ ማለትም የፊልሙን ርዕስና መረጃ የያዘ የጽሑፍ ፋይል፣ ማስቀመጥ ይቻላል። የሽፋኑን ፎቶ አንሥተው «ፖስተር» በሚል የላቲን ስም በፎልደሩ ውስጥ ቢያስቀምጡት ደግሞ ላይብረሪው ያምራል።

ምልክት፦ ከመገጣጠሚያው በኋላ ድምፁ ከምስሉ ይለያል

ሁለቱ ክፍሎች የአንድ ምንጭ አይደሉም። አንዱ በሰከንድ 25 ምስል፣ ሌላው 23.976 ይሆናል፤ ወይም የድምፁ ናሙና መጠን ይለያያል። ኤምኬቪቱልኒክስ ብዙውን ጊዜ ያስጠነቅቃል፤ ሰው ግን ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ ይዘጋዋል። ያንብቡት! የምስሉ ስፋት ከተለያየ ጭራሽ አይቀጥልም። ከአንድ ምንጭ የመጣ ሙሉ ፊልም መፈለግ የመጀመሪያው መፍትሄ ነው፤ ካልተገኘ ሁለቱንም ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ አንድ ዓይነት ቀይረው ይቀጥሉ።

ምልክት፦ ሰብታይትሉ በሁለተኛው ግማሽ ይጠፋል ወይም ከመጀመሪያው ይደገማል

የሁለተኛው ክፍል ሰብታይትል ሰዓቱን ከዜሮ ይጀምራል። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ክፍል ከራሱ ሰብታይትል ጋር ለብቻው ኤምኬቪ ያድርጉት፤ ከዚያ ሁለቱን ይቀጥሉ። የአማርኛ ሰብታይትል ሲያስቀምጡ የግእዝ ፊደልን በሚይዘው የጽሑፍ ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ መሆኑን ያረጋግጡ። የግእዝ ፊደል በማይይዘው በአንሲ ከተቀመጠ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ የጠፋውም ፊደል ከዚያ ፋይል አይመለስም።

ምልክት፦ ሁለተኛው ክፍል መጠኑ ትክክል ነው፣ ግን አይከፈትም

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። በርካሽ የሚሸጡ «2 ቴራባይት» የተጻፈባቸው ፍላሾች አሉ፤ በውስጣቸው ያለው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ፍላሹ ለኮምፒውተሩ 2 ቴራባይት ነኝ ይላል፣ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ግን የሚጻፈውን ይጥላል ወይም በፊተኛው ላይ ይደርባል። የፋይሉ ስምና መጠን ይታያል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። መጀመሪያ የሚገለበጠው ክፍል አንድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ክፍል ሁለት ነው። ሰው የዘመዶቹን ሰርግ ከአገር ቤት በዚህ ፍላሽ ያስመጣል፤ እዚህ ሲከፍተው አይከፈትም፤ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ላይ የነበረው ደግሞ ተሰርዟል። ፍላሽ ሲገዙ እውነተኛ መጠኑን በሚለካው በኤች2ቴስትደብልዩ ፕሮግራም ሙሉውን ይፈትሹ፤ ሰዓታት ቢፈጅም ይፈትሹ። የሻጩን ቃል አይመኑ፣ ማሸጊያውንም አይመኑ።

የቪሲዲ ፊልም ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይመርምሩ። በሁለቱም ዲስኮች ላይ የፊልሙ ፋይል ብዙ ጊዜ አንድ ስም ነው ያለው፤ ሁለተኛውን ወደዚያው ፎልደር ሲገለብጡ የመጀመሪያውን ይተካዋል። ለየዲስኩ የራሱን ፎልደር ይክፈቱ። መጨረሻው ዳት የሆነውን ፋይል ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም እንዳለ ወደ ኤምፒጂ አውጥተው ወደ ማጣበቁ ይሂዱ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

የሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ የመጀመሪያውን መጨረሻ ጥቂት ሰከንድ ከደገመ፣ ከማጣበቅዎ በፊት ድግግሞሹን ይቁረጡ።

«ፒቲ1» እና «ፒቲ2» በተለያየ ፎልደር ካሉ ስማቸው ፍጹም ቢሆንም አይገናኙም።

ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲገለበጥ «ስሙ ረዝሟል» ካለ፣ ሊኑክስ ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ሲሆን አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከ85 ፊደል በታች ያድርጉት።